ዴቪልድ ኤግ ለመሥሪያ ቤት ፖትላክ፦ ጾም ላይ ሆኜ ሳልቀምስ እንዴት ልሥራው?

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ሰላም ለቤቱ። ሐሙስ መሥሪያ ቤታችን የምሳ ፖትላክ አለ፤ ሁሉም የየራሱን ምግብ ይዞ የሚመጣበት ግብዣ ማለት ነው። የፈረንጆቹ ፋሲካ ዘንድሮ ኤፕሪል 5 ስለሆነ ቀደም ብለው ነው የሚያከብሩት። ማን ምን ያመጣል ተብሎ ሲከፋፈል ለኔ የደረሰኝ ዴቪልድ ኤግ ነው። እንቁላሉ ተቀቅሎ ለሁለት ይከፈልና፣ አስኳሉ ወጥቶ በማዮኔዝ ታሽቶ ተመልሶ የሚሞላው። በፋሲካቸውም በነጻነት ቀናቸው በጁላይ 4ም አይጠፋም። መጀመሪያ ባዶ የሚሆነው ሳህንም እሱ ነው። ስለዚህ አሳምሬ ልወስድላቸው እፈልጋለሁ።

ችግሩ እኛ ገና ጾም ላይ ነን። የነሱ ፋሲካ የዋለው በኛ ሆሳዕና ነው። እየቀመስኩ ማስተካከል አልችልም። ዶሮ ወጥ ቢሆን በመዓዛውና በመልኩ እለየዋለሁ። የበዓል ዋዜማ ሁላችንም የምንሠራው ሳንቀምስ ነው። ይሄኛውን ግን እጄ አያውቀውም። ኢንተርኔት ላይ ያሉት አሠራሮች ደግሞ ጨው ላይ ሲደርሱ "እንደ ፍላጎትሽ" ብለው ያልፉታል።

12 ሰው ነን። ልኩ በግልጽ የተቀመጠ አሠራር ያላችሁ ጻፉልኝ። መላጡም አሳስቦኛል፤ የተቦጫጨቀ እንቁላል ሰው ፊት አይቀርብም።

እማማ_አሌክሳንድርያ

ልጄ፣ እንቁላሉን ዛሬውኑ ግዢና ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው። ትኩስ እንቁላል ለጥብስ እንጂ ለቅቅል አይሆንም። ቅርፊቱ ሲነሳ ነጩን ይዞት ይነሳል። ሳምንት የከረመው ግን ሸርተት ብሎ ይላጣል። እኔ ለዶሮ ወጥ ስቀቅል በቀዝቃዛ ውኃ እጥደዋለሁ፣ ጨው ጣል አደርግበታለሁ፣ ሲበስል ቶሎ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እከተዋለሁ።

ለጨዉ ደግሞ የማይጾም ሰው ቤትሽ ከሌለ ጎረቤት አስቀምሺ። ምን ችግር አለው?

ካተሪንግ_ቨርጂኒያ

እኔ የምሠራው ምግብ ዝግጅት ላይ ነው። ጸደይ ሲመጣ ይሄን ምግብ በትሪ በትሪ እናወጣዋለን። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

እማማ ስለ እንቁላሉ ዕድሜ ያሉት ልክ ነው። ትኩስ እንቁላል ነጩ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ። ቀን በቆየ ቁጥር በቅርፊቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየወጣ ይሄዳል። ያኔ የነጩ አሲድነት ይቀንሳል፣ ከቅርፊቱ ሥር ካለው ስስ ሽፋን ጋር አጥብቆ መያያዙንም ይተዋል። በቀዝቃዛ ውኃ መጣዱ ላይ ግን በአክብሮት አልስማማም። ነጩ ቀስ እያለ ሲሞቅ ሽፋኑ ላይ ይጣበቃል። ሙቀት በድንገት ሲያገኘው ግን ቶሎ ይረጋና ለመላጥ ይመቻል። ሰው ጨውም አቼቶም ቤኪንግ ሶዳም ይጨምራል። ከሁሉም በላይ ለውጥ የሚያመጣው ይሄ ነው፦ በሙቅ ጀምሪ፣ በበረዶ ጨርሺ።

እኛ የምናደርገው በእንፋሎት ነው። ድስት ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ውኃ አፍይ። አትክልት የሚቀቀልበትን ወንፊት ላዩ ላይ አስቀምጪ። እንቁላሉን ከፍሪጅ እንደወጣ ደርድሪበትና ክደኝው። ትልቅ የሚባለው መጠን ከሆነ 13 ደቂቃ። ወንፊቱ ከሌለሽ የሚፈላ ውኃ ውስጥ በማንኪያ ቀስ አድርገሽ ክተቺው፣ እሳቱን ቀንሺና 12 ደቂቃ። ሲያልቅ በቀጥታ በረዶ ያለበት ውኃ ውስጥ፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ። በረዶውን በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ አትተኪው። እንቁላሉ ውስጡ እንደጋለ ከቆየ መብሰሉን ይቀጥላል። ያኔ ከነጩ የሚወጣው የድኝ ጋዝ ከአስኳሉ ብረት ጋር ይገናኝና አስኳሉ ዙሪያውን አረንጓዴ ይሆናል። አይጎዳም፤ ግን መልኩን ያበላሸዋል፣ ሽታም ያመጣል።

ስትልጪ ከሰፊው ጫፍ ጀምሪ። አየር ያለበት ቦታ እዚያ ነው። ቅርፊቱን ዙሪያውን ሰነጣጥቂውና ውኃ ውስጥ ሆነሽ ላጪ። ውኃው ሽፋኑ ሥር ገብቶ ያላቅቅልሻል።

አሁን ወደ ልኩ። ሳትቀምሺ ስለምትሠሪ የኩሽና ሚዛን ተጠቀሚ። ሚዛን ካለ ጭንቀት የለም። ለ12 እንቁላል፦ ማዮኔዝ 110 ግራም፣ ማለትም ግማሽ ኩባያ። ማስታርድ፣ ማለትም የተበጠበጠ ሰናፍጭ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ፤ ቢጫው ለጥንታዊው ጣዕም፣ ዲዦን የሚባለው ጠንከር ላለ። አቼቶ ሁለት የሻይ ማንኪያ። ደቃቅ ጨው 2 ግራም። የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ሩብ የሻይ ማንኪያ። ላዩ ላይ ፓፕሪካ፣ ማለትም ለስለስ ያለ የቀይ በርበሬ ዱቄት። ጨዉን በማንኪያ አትለኪው። ሻካራው የኮሸር ጨው በማንኪያ ሲለካ ክብደቱ ከደቃቁ በጣም ያነሰ ነው፣ ሰው ጨው አነሰው ወይም በዛበት የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

አስኳሎቹን በሹካ ብቻ አትፍጪያቸው። በጥሩ ወንፊት በማንኪያ ጀርባ እየጫንሽ አሳልፊያቸው። ዱቄት መስለው ይወርዳሉ። ከዚያ በኋላ ማዮኔዙ ሲገባ አንድም ጓል አይኖርም። በሹካ የተፈጨና በወንፊት ያለፈ አንድ ላይ ቢቀርቡልሽ ልዩነቱን ምላስሽ ወዲያው ይለየዋል።

ማዮኔዙን መጀመሪያ ሦስት አራተኛውን ብቻ ጨምሪና እዪው። ማንኪያውን ስታነሺ ሙሌቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጫፉ ትንሽ ጎንበስ ካለ ደርሷል። ከተሰነጣጠቀ የቀረውን ጨምሪ። ማንኪያው ላይ ተዘርፍጦ ከወረደ ቀጥኗል፣ ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ይሄን በዓይን ነው የምትፈርጂው፣ መቅመስ አያስፈልግም።

እማማ_አሌክሳንድርያ

ልጄ ካተሪንግ፣ ስላብራራህልን እግዜር ይስጥህ። እኔ ያልኩት ለወጥ ነው። ለዶሮ ወጥ እንቁላሉን ከላጥን በኋላ ቁሌቱ እንዲገባው በቢላ ጫር ጫር እናደርገዋለን። ትንሽ ቢቦጨቅም መረቁ ይሸፍነዋል። እዚህ ግን ነጩ ራሱ ሳህን ነው። ባንተ መንገድ ትሥራው።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። እንቁላሉን ገዝቻለሁ። ማዮኔዝ ግን የቱን? መደብሩ ውስጥ አንድ ሙሉ መደርደሪያ ነው።

ሪችመንድ_ሰፈር

ይሄን ለኔ ተዉልኝ። እዚህ በአሜሪካ ደቡብ ሰው ዱክስ ነው የሚለው። 1917 ሳውዝ ካሮላይና፣ ግሪንቪል ውስጥ የተጀመረ ነው። በኋላ የሪችመንድ ኩባንያ ገዛው። ስኳር የለበትም፣ ኮምጠጥ ይላል። ሄልማንስም ጥሩ ነው፣ ለስለስ ያለ። ሚራክል ዊፕን ግን አትንኪው፤ ጣፋጭ ስለሆነ ልኩ በሙሉ ይፋለስብሻል። ዱክስ ከወሰድሽ አቼቶውን ከሁለት የሻይ ማንኪያ ወደ አንድ ተኩል ቀንሺው።

አንዳንድ የደቡብ ቤቶች በአቼቶ ተዘፍዝፎ የጣፈጠ የተከተፈ ኩከምበር ይጨምሩበታል። ጎረቤቶቼ ያለ እሱ አይበሉም። እኔ በበኩሌ ያለሱ ነው የምወደው፤ ውኃ ያመጣል፣ ሙሌቱንም ያላላዋል።

ካዛንቺስ_ልጅ

እዚህ አዲስ አበባ ላለን ሰዎችስ? ሁለት ነገር አስቸገረኝ። አንደኛ በ12 ደቂቃ አስኳሉ መሐሉ እርጥብ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛ ማዮኔዝ ለአንድ ቀን ተብሎ የሚገዛ ነገር አይደለም፣ ውድ ነው። ቤት ልሥራው ብል ደግሞ በጥሬ እንቁላል ነው፣ ልጆች አሉ፣ ፈራሁ።

የላብራቶሪ_ሰው

ሁለቱም መልስ አላቸው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። ውኃ እዚያ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውኃው ቢንተከተክም ከዚያ በላይ አይሞቅም። እንፋሎቱም ያው ነው። ስለዚህ አሜሪካ ባሕር ዳርቻ የተጻፈ ደቂቃ አዲስ አበባ ላይ ያጥራል። 15 ደቂቃ አድርገው። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ከሆነ አነስ ስለሚል 13 ይበቃዋል። መጀመሪያ አንዷን አውጥተህ ክፈትና እያት፣ ከዚያ ሌሎቹን አውጣ።

ጥሬ እንቁላሉን መፍራትህ ልክ ነው። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ በጥሬ እንቁላል ሊተላለፍ ይችላል። ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር በጭራሽ። ግን ለዚህ ምግብ ጥሬ አስኳል አያስፈልግህም። ማዮኔዝ ማለት ዘይትና ኮምጣጣ ነገር በአስኳል አማካይነት ተዋህደው ሲረጉ ነው። የበሰለ አስኳልም ይሄን ሥራ ይሠራል፤ ፈረንሳዮች ግሪቢሽ የሚሉት ስጎ መሠረቱ እሱ ነው። አንተ ደግሞ የበሰለ አስኳል እጅህ ላይ አለ።

ለ6 እንቁላል እንዲህ አድርግ። 6ቱን አስኳል በወንፊት አሳልፍ። አንድ የሻይ ማንኪያ የተበጠበጠ ሰናፍጭ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶና ትንሽ ጨው ጨምረህ እሸው። ከዚያ የሱፍ ዘይት ጠብ ጠብ እያደረግህ፣ ሳታቋርጥ እያማሰልክ፣ ከ4 እስከ 5 የሾርባ ማንኪያ። መጀመሪያ ላይ ፍርክስክስ ይላል። ተስፋ አትቁረጥ። ሁለተኛው ማንኪያ ዘይት ሲገባ መያያዝ ይጀምራል፣ መልኩም ይፈካል። ደረቅ ካለ አንድ ማንኪያ ለብ ያለ ውኃ ጣል አድርግበት። የኑግ ዘይት አትጠቀም፣ ጣዕሙ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል።

ካዛንቺስ_ልጅ

ሰናፍጭማ ሞልቷል። የገበያው ዱቄት ይሆናል?

የላብራቶሪ_ሰው

ይሆናል፣ እንዲያውም ከቢጫው ማስታርድ የበለጠ ይነድዳል። በሙቅ ውኃ ግን አትበጥብጠው። አፍንጫ ላይ የሚወጣው ኃይሉ የሚፈጠረው የተፈጨው ፍሬ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ነው። የሚፈጥረውን ኤንዛይም ሙቀት ይገድለዋል፣ መራራው ብቻ ይቀራል። በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠህ 10 ደቂቃ ከድነህ አስቀምጠው፣ አቼቶውን ከዚያ በኋላ ጨምር። አቼቶ ቀድሞ ከገባ ኃይሉ ሳይወጣ ይቆማል። መጠኑን ደግሞ መጀመሪያ ግማሽ አድርግ።

ዱባይ_ያለሁት

እኔም ልጨምር። የምሠራበት ቤት እመቤቷ በእንግዳ ቀን ይሄን ታሠራኛለች። ከመሥራቱ ይልቅ ማቅረቡ ነው የሚከብደው። ግማሾቹ ሳህን ላይ ይንሸራተታሉ፣ አንዱ ሌላውን ይገፋል። ከነጩ ሥር በቢላ ስስ ቁራጭ ብታነሺ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ለሁለት ስትከፍዪም ቢላውን በእያንዳንዱ ቁርጥ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው። አለበለዚያ ቢጫው ነጩ ላይ ይሰመራል።

አስኳሉ ደግሞ አንድ ጎን ብቻ ሄዶ ነጩን እንዳያሳሳው፣ እንቁላሉን ከነካርቶኑ ማታ ፍሪጅ ውስጥ በጎኑ አጋድሚው። ጠዋት አስኳሉ ወደ መሐል ይመጣል። ሁሉም ላይሆን ይችላል፣ አብዛኛው ግን ይሆናል።

እዚህ ሙቀቱ አይቻልምና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው አልሄድም። ከፍሪጅ ከወጣ 2 ሰዓት፣ ውጭ ሙቀት ላይ ከሆነ ደግሞ 1 ሰዓት ነው ዕድሜው። ከዚያ በኋላ ይጣላል። ስስት አያስፈልግም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

በጣም ጠቃሚ ነው። የኔ ጭንቀት ደግሞ መንገዱ ነው። መኪና የለኝም፣ ሬድ ላይን የሚባለውን የከተማ ባቡር ይዤ ነው የምሄደው። ሞልቼው ብወስድ እርስ በርሱ ተለጥፎ ይደርሳል።

ካተሪንግ_ቨርጂኒያ

ሞልተሽው አትውሰጂ። እኛም በመኪና ይዘን ስንሄድ አንሞላውም። ነጮቹን ሰፊ የምግብ ዕቃ ውስጥ አፋቸውን ወደ ታች ደፍተሽ ደርድሪ፣ ሥራቸው የኩሽና ወረቀት ይነጠፍ። በሁለት ድርብ ከሆነ መሐላቸውም ወረቀት አድርጊ። ሙሌቱን ዚፕ ያለው ወፍራም ፕላስቲክ ውስጥ ክተቺው፣ አየሩን አስወጥተሽ ዝጊው። ፓፕሪካው በትንሽ ብልቃጥ። ሁሉንም በረዶ ካለው የምሳ ቦርሳ ጋር። መሥሪያ ቤት ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው። ምሳ ሊደርስ ሩብ ሰዓት ሲቀረው የፕላስቲኩን ጥግ በመቀስ ቆርጠሽ እየጨመቅሽ ሙዪ። ለ24 ግማሽ 10 ደቂቃም አይፈጅም። ማታ ሠርተሽ ማደሩ አይጎዳውም፣ እንዲያውም ጣዕሙ ይዋሃዳል።

የመቅመሱም ነገር በዚሁ መፍትሔ ያገኛል። ፕላስቲኩን ከመቁረጥሽ በፊት ከዚፑ በኩል በማንኪያ ትንሽ አውጪና ለአንድ ባልደረባሽ አስቀምሺ። ጨው ወይም አቼቶ ጎደለ ካለችሽ ጨምሪበትና ፕላስቲኩን በእጅሽ አሽተሽ አዋህጂው። ትንሽ ጨው በወረቀት ጠቅልለሽ ያዢ።

ሀያ_ሁለት_ማዞሪያ

ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን ፓፕሪካ ምን ይሠራል? ቀለም እንጂ ጣዕም የለውም። ሚጥሚጣ ነስንሺበት! ንጥር ቅቤም ጠብ አድርጊበት። ክትፎ የሚያውቅ ሰው ይሄን ይወዳል።

ሪችመንድ_ሰፈር

ለኛ ቤት አዎ። ለመጀመሪያ ጊዜ መሥሪያ ቤት የሚወሰድ ላይ ግን አይ። ሰዎቹ ይሄን ምግብ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፣ አያቶቻቸው የሠሩት ጣዕም አፋቸው ላይ አለ። መጀመሪያ እሱን አሳምራ ታቅርብላቸው። ፓፕሪካም ቢሆን ቀለም ብቻ አይደለም፤ አሮጌው ነው ጣዕም የሌለው። ዓመት የከረመ ብልቃጥ ይጣልና አዲስ ይገዛ። የተጨሰው ዓይነት ደግሞ እጅግ ይጣፍጣል።

ካተሪንግ_ቨርጂኒያ

ከሪችመንድ ጋር ነኝ። ሁለቱንም ማቅረብ ከተፈለገ ግን ከ24ቱ 6ቱ ላይ ብቻ ሚጥሚጣ ነስንሺና ለብቻ አስቀምጪ፣ እንደሚያቃጥልም ንገሪያቸው። ሚጥሚጣው ራሱ ጨው አለበት፣ ስለዚህ ቆንጠር አድርገሽ ብቻ።

የቅቤው ሐሳብ ከባድ ነው። ንጥር ቅቤ ፍሪጅ ውስጥ ይደርቃል፣ ሙሌቱ እንደ ሻማ ጠንክሮ ይወጣል። የሚሠራው ቤት ውስጥ ሆኖ ወዲያው ለሚበላ ነው።

እማማ_አሌክሳንድርያ

ልጄ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ለሌላው ስትደክሚ አንቺ ምን ልትበዪ ነው? ፖትላክ ላይ ሁሉም ሲበላ ባዶ ሳህን ይዘሽ አትቀመጪ። ትንንሽ ድንች ቀቅዪ። ለሁለት ክፈያቸውና መሐላቸውን በሻይ ማንኪያ ቦርቡሪ። የወጣውን ድንች ከተቀቀለና ከተፈጨ ሽምብራ ጋር እሺው። ሰናፍጭ፣ ሎሚ፣ ዘይት፣ ጨው፣ በደቃቁ የተከተፈ ቃሪያ ጨምሪበት። መልሰሽ ሙዪው። ይሄን እየቀመስሽ መሥራት ትችያለሽ። ሥጋ የማይበሉ ፈረንጆችም አይጠፉም፣ እነሱም ያመሰግኑሻል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

እማማ፣ ስለኔ ስላሰቡልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ድንቹንም አብሬ እሠራለሁ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። በእንፋሎት 13 ደቂቃ፣ በበረዶ 15። ቅርፊቱ እንደ ልብስ ነው የወለቀው። አንዷ ብቻ ትንሽ ተጫረች፣ እሷን ከፍዬ የተጫረውን ጎን ወደ ኋላ አዞርኩት። ወንፊቱ ላይ እጅ ያደክማል፣ ግን የወረደው ልስልስ ያለ ነገር ድካሙን ያስረሳል። ባልደረባዬ ቀምሳ ትንሽ አቼቶ አለችኝ፣ ጨው ልክ ነው አለች። ዱክስ ስለነበር አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ነው ያደረግኩት፣ የቀረችውን ግማሽ እዚያው ጨመርኩና አሸሁት። ድንቹም አልቋል፤ አንዷ አሠራሩን ጻፊልኝ ብላኛለች።

አሁን ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ሙሌቱ ተርፎኛል፣ ምን ላድርገው? ለኛ ፋሲካ ኤፕሪል 12 ደግሞ ቤተሰብ ይመጣል፣ ያኔ በቅቤና በሚጥሚጣ መሥራት እፈልጋለሁ። ልኩ ምን ይሁን?

ካተሪንግ_ቨርጂኒያ

ደስ ይላል። ሙሌቱ ማታ ከተሠራ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 3 ቀን ይቆይልሻል። ቤት ውስጥ የማይጾም ልጅ ካለ ዳቦ ላይ ቀቢለት። በረዶ ቤት አታስገቢው፣ ማዮኔዙ ይለያያል።

ለፋሲካው ለ12 እንቁላል ማዮኔዙን ወደ 80 ግራም ቀንሺ። ለብ ብሎ የቀለጠ ንጥር ቅቤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ በመጨረሻ ቀስ እያደረግሽ አዋህጂ። ቅቤው ኮረሪማና ኮሰረት ካለው ሌላ ቅመም አትጨምሪ። ሚጥሚጣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ውስጡ፣ ላዩ ላይ ደግሞ ለዓይን ያህል። ጨዉን ከ2 ወደ 1 ግራም አውርጂ። ፍሪጅ አታስገቢው፤ ሞልተሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ አቅርቢ። የግድ ማደር ካለበት ነጩንና ሙሌቱን ለየብቻ አሳድሪና፣ ሙሌቱን ከመሙላትሽ 20 ደቂቃ ቀደም ብለሽ አውጪው።

ሀያ_ሁለት_ማዞሪያ

ቅቤው ሲቀልጥ እሳት ላይ አታቆዪው። ሳህኑን ትኩስ ውኃ ላይ ብታስቀምጪው ይበቃል። የጋለ ቅቤ አስኳሉ ላይ ከፈሰሰ ዘይቱ ተለይቶ ዳር ላይ ይወጣል።